የቤታችሁን ስጋት በአንድ ደብተር እንዴት ትመዝናላችሁ?

ጅማ ላይ ክረምቱ ሲከብድ ከሰል ወደ ቤት ይገባል። እህቴ በወለደች በሁለተኛው ሳምንት ሐምሌ ነበር፤ ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ዋለ። አራሷን ብርድ እንዳይመታት ተብሎ መስኮቱ ተዘግቷል፣ የበሩ ስንጥቅ በጨርቅ ተወትፏል፣ ከአልጋው ግርጌ ፍሙ የቀላ ከሰል ተቀምጧል። አመሻሽ ላይ እህቴ «ራሴን ፈለጠኝ» አለች። አጠገቧ የነበረችው አክስታችንም «እኔንም አዞረኝ» አለች። ሁለቱም ድካም ነው ብለው ዝም አሉ። ጎረቤታችን ነርስ ናት፤ ገንፎ ይዛ ስትገባ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች፣ ሕፃኑን አቅፋ ወደ በረንዳ ወጣች። «ኑ ውጡ! ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ ራሱን ካመመው ከሰሉ ነው» አለችን።

ሁሉም ተረፉ። ያን ሰሞን ቤታችን ውስጥ የምንፈራው ብርዱን ነበር። ከሰሉን ግን አብረነው ስላደግን ማንም አልፈራውም። ፍርሃት ጥሩ ሚዛን እንዳልሆነ ያን ቀን ገባኝ፤ አዲሱን ያገዝፋል፣ የለመድነውን ያሳንሳል። በፋብሪካና በሆስፒታል ያሉ የደህንነት ባለሙያዎች ይህን ስለሚያውቁ ስጋትን በስሜት ሳይሆን በቁጥር ይመዝናሉ። ዘዴው ለቤትም ይሆናል። ደብተር፣ እስክሪብቶና አንድ ሰዓት ይበቃል።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ቃላት እንለይ። አደጋ የሚያመጣው ነገር አንድ ነው፣ ስጋቱ ደግሞ ሌላ ነው። ያው ከሰል በረንዳ ላይ ሲሆን ስጋቱ ትንሽ ነው፤ በተዘጋ መኝታ ክፍል ውስጥ ሲሆን ገዳይ ነው። የምንመዝነው ዕቃውን ሳይሆን ዕቃው የት፣ መቼና ማን አጠገብ እንዳለ ነው።

1. ቤቱን ዙሩት

ከውጭ በር ጀምሩና ክፍል በክፍል ሂዱ። ብቻችሁን አትዙሩ። ምግብ የምታበስለው፣ ልብስ የምታጥበው፣ ልጅ የሚጠብቀው ሰው አብሮ ይዙር፤ የትኛው ሶኬት እንደሚያቃጥል፣ የትኛው ደረጃ እንደሚያንሸራትት የሚያውቀው እሱ ነው። ትንሽ ልጅ ካለ በየክፍሉ አንድ ጊዜ ተንበርከኩ። ቆማችሁ የማታዩት ብዙ ነገር ከዚያ ከፍታ ይታያል፦ ከጠረጴዛ ጫፍ የተንጠለጠለ የውሃ ማፍያ ገመድ፣ ከረከቦቱ ጎን ያለ የጀበና አፍ፣ ከመታጠቢያው ሥር የተቀመጠ ጠርሙስ።

ያያችሁትን ሁሉ ጻፉ፤ እዚያው አትከራከሩበት። «ምንም አይልም» የሚባለውንም ጻፉ። ከመተኛታችሁ በፊት ደግሞ አንድ ጊዜ ዙሩ፤ የሌሊት ቤት ከቀን ቤት ይለያል። በር ይቆለፋል፣ መስኮት ይዘጋል፣ ቁልፉ የት እንዳለ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ይሆናል። እሳት ቢነሳ ሌሎቹ በየት ይወጣሉ?

2. ለእያንዳንዱ ሁለት ቁጥር ስጡ

የመጀመሪያው ቁጥር የመድረስ ዕድሉ ነው። 1 እምብዛም አይደርስም፣ 2 ሊደርስ ይችላል፣ 3 ካልተስተካከለ መድረሱ አይቀርም። ሁለተኛው የጉዳቱ ክብደት ነው። 1 እቤት የሚታከም፣ 2 ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የሚያስኬድ፣ 3 የሚገድል ወይም ዕድሜ ልክ የሚያጎድል። ሁለቱን አባዙ። ከ1 እስከ 9 የሆነ ቁጥር ታገኛላችሁ።

ዕድሉን ለመገመት ከሁሉ የሚሻለው ጥያቄ «ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ለጥቂት ተረፍን?» የሚለው ነው። ልጁ ጀበናውን ነክቶ ሳይደፋበት ቀርቷል? ሶኬቱ ጨሶ ጠፍቷል? ለጥቂት የተረፈ ነገር ብዙ ቤት ውስጥ ተስቆበት ይረሳል፤ ለመዛኝ ግን ማንም ሳይጎዳ የተገኘ ማስረጃ ነው። ስለዚህ ጻፉት።

ቁጥሩ እንደ ሰውየው እንደሚለያይም አትርሱ። ለእናንተ 2 የሆነው ለሁለት ዓመት ልጅ፣ ለነፍሰ ጡር ወይም ዓይናቸው ለደከመ አያት 3 ነው። ሁልጊዜ በቤቱ ውስጥ ላለው ደካማ ሰው መዝኑ።

እኔ አንድ ደንብ እጨምራለሁ፦ ክብደቱ 3 የሆነ ነገር ዕድሉ 1 ቢሆንም ከደብተሩ አይሰረዝም። 1 ሲባዛ በ3 ትንሽ ቁጥር ነው፤ ሞት ግን ትንሽ አይደለም።

3. መፍትሔውን ከላይ ወደ ታች ፈልጉ

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አደጋውን እናይና «ተጠንቀቁ» እንላለን። «ተጠንቀቁ» ከመፍትሔዎች ሁሉ ደካማው ነው፤ ሰው ይደክማል፣ ይረሳል፣ እንግዳ ይመጣበታል። ባለሙያዎቹ ቅደም ተከተል አላቸው። መጀመሪያ አስወግዱት። ካልተቻለ በሌላ ተኩት። ካልተቻለ ከሰው አርቁት ወይም ዝጉበት። ከዚያ በኋላ ነው የቤት ደንብ የሚወጣው፤ ጓንት፣ ጫማ፣ ሄልሜት የመሳሰለው መጨረሻ ላይ ይመጣል።

በረኪናን እንውሰድ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ ሲነገር በየቤቱ በረኪና በዛ። እኛም ገዛን። በትልቅ ጀሪካን ስለነበር ለአያያዝ እንዲመች በባዶ ሃይላንድ ቀድተን ከማጠቢያው ሥር አስቀመጥነው። ሃይላንድ ደግሞ በእኛ ቤት የመጠጥ ውሃ ነው። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ ከጨዋታ መጥቶ ተጠምቻለሁ ሲል፣ ጠርሙሱን አንስቶ ክዳኑን ሲያዞር ያገኘሁት እኔ ነኝ። አንዱን ስጋት ስንሸሽ ሌላውን በእጃችን አስገብተን ነበር።

በቅደም ተከተሉ ስንሄድ፦ የማያስፈልገው ትርፍ በረኪና ተወገደ። የቀረው ወደመጣበት ዕቃ ተመለሰ። ከወለል ተነሥቶ ልጅ ከማይደርስበት፣ በር ካለው ሣጥን ገባ። በመጨረሻ አንድ ደንብ ወጣ፦ በዚህ ቤት ከውሃ ወይም ከሚጠጣ ነገር በቀር ምንም ነገር በሃይላንድ አይቀመጥም። ጋዝም፣ ማላታይንም ቢሆን። ልጅ ጠጥቶ ከተገኘ አታስመልሱት፤ የሚያቃጥል ኬሚካል ሲወርድ የጎዳውን ጉሮሮ ሲመለስ ደግሞ ይጎዳዋል። ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ሕክምና ሩጡ፤ ሐኪሙ ምን እንደተጠጣ ማወቅ አለበት።

በጅማ ቤቶች ደጋግሜ የማያቸው

ከሰል፦ ጢሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላ «በቃ፣ ይግባ» ይባላል። የሚገድለው ግን ጢሱ ብቻ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ከቀላ ፍምም ይወጣል። በደማችን ኦክስጅን የሚያዞረውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሰውየው የሚሰማው ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ነው፤ ተኝቶ ከሆነ ምንም ሳይሰማው ሊሞት ይችላል። መፍትሔው ከቅደም ተከተሉ አንደኛው፣ ማስወገድ ነው፦ ከሰል ሰው የሚተኛበት ክፍል አይግባ፤ አራስ ቤትም ቢሆን። ሙቀቱ በጋቢና በብርድ ልብስ ይፈለግ። ቡና ሲፈላ በርና መስኮት ባንድ ላይ ይከፈት፤ ሲያበቃ ፍሙ ወደ ውጭ ይውጣ። የታመመ ሰው ከተገኘ መጀመሪያ ወደ ንጹሕ አየር አውጡት፤ «ተሽሎኛል» ቢልም ሐኪም ይየው፣ በተለይ ነፍሰ ጡርና ሕፃን።

ምጣድ፦ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት ስታካፍሉት 16 አምፒር ይሆናል። አሁን ምጣዱ የሚሰካበትን የሶኬት ማከፋፈያ ገልብጣችሁ ጀርባውን አንብቡ፤ ብዙውን ጊዜ 10 አምፒር ይላል። እንጀራው በሚጋገርበት ሰዓት ሁሉ ገመዱ ከአቅሙ በላይ እየተጎተተ ነው ማለት ነው። ምጣዱን ካጠፋችሁ በኋላ መሰኪያውን በእጃችሁ ጀርባ ዳብሱት፤ የሚያቃጥል ወይም የጠቆረ ከሆነ የመድረስ ዕድሉን 3 በሉት። ምጣድ ከቆጣሪው በቀጥታ የመጣ የራሱ መስመርና ብሬከር ይፈልጋል። እስኪሠራ ድረስ በማከፋፈያ አትጋግሩ። ፊውዝ ሲቃጠል በሽቦ ማሰር ደግሞ ማንቂያውን አፍኖ እሳቱን መጠበቅ ነው።

የነቀዝ ክኒን፦ ከገጠር ዘመድ የመጣ በቆሎ በጆንያ ሆኖ መኝታ ቤት ጥግ ይቀመጣል፤ በውስጡ ነቀዝ እንዳይበላው ክኒን ተጨምሮበታል። የዚያ ክኒን ሥራ ከአየሩ እርጥበት ጋር ተገናኝቶ ፎስፊን የተባለ መርዛማ ጋዝ ማውጣት ነው። ነቀዙን የሚገድለው ጋዝ አጠገቡ ለተኛ ልጅም አይራራም፤ በጅማ ክረምት ደግሞ እርጥበት ሞልቷል። እህል ሲመጣላችሁ «ምን ተደርጎበታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ክኒን ካለበት ሰው ወደማይተኛበት፣ አየር ወደሚንሸራሸርበት መጋዘን ይውጣ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው፤ ፎስፊን ለተነፈሰ ሰው ማርከሻ መድኃኒት የለም።

ወባ፦ ይህ ቁጥሩ ከወር ወር የሚለዋወጥ ስጋት ነው። በአገራችን ወባ በአብዛኛው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ያለውን ምድር ያጠቃል፤ ጅማ በ1,700ና በ1,800 ሜትር መካከል ስለሆነች ነፃ አይደለችም። ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ዕድሉን ወደ 3 ከፍ አድርጉት። አጎበር ይሰቀል፤ ጠርዙ ከፍራሹ ሥር ይግባ። ትኩሳት የያዘው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ይመርመር፤ ካለፈው የተረፈ መድኃኒት በግምት አይዋጥ።

ውሃ፦ ሲንተከተክ 1 ደቂቃ ማቆየት በእኛ ከፍታ በቂ ነው። የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ከፈላ በኋላ ነው፤ ኩባያ እየነከሩ ሲቀዱበት። አፉ ጠባብ የሆነ ክዳን ያለው ዕቃ ይሻላል።

ውሻ ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ለክትባት ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ «ውሻው ምን እንደሚሆን እንይ» ብሎ ቤት መቀመጥ አይገባም። እሳት ወይም የፈላ ነገር ያቃጠለው ሰው ደግሞ 20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ይቆይ፤ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ የቡና ዱቄት አይቀባ።

4. ስምና ቀን ጻፉበት

እያንዳንዱ መስመር ፊት ማን እንደሚሠራውና እስከ መቼ ጻፉ። «እናሠራዋለን» ማንም አይሠራውም። 9 የሆነው ዛሬውኑ ይቁም፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ከሆነ ገንዘቡ እስኪገኝ ዕቃውን መጠቀም ይቁም። 6 በዚህ ሳምንት፣ ከዚያ ያነሰው በዚህ ወር። በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ በቀበሌያችሁ የሚደርሰውን አምቡላንስ፣ የጤና ጣቢያውንና የእሳት አደጋውን ስልክ ጻፉና አንድ ቅጂ በር ላይ ለጥፉ። ስልኩን አስቀድማችሁ ደውላችሁ እንደሚሠራ አረጋግጡ፤ በሌሊት የሚደውለው ልጅ ሊሆን ይችላል።

5. ከአጥር ውጭ ያለውን ለእድር አቅርቡ

ክዳኑ የወለቀ ቦይ፣ ዘንበል ያለ የመብራት ምሰሶ፣ ክረምት ሲበረታ የአዌቱ ወንዝ ወደ ቤት የሚገባበት ዝቅተኛ ሰፈር፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ባጃጆች የሚሽቀዳደሙበት መታጠፊያ፤ እነዚህን አንድ ቤተሰብ ብቻውን አይፈታቸውም። እድር ግን ሰዎች አሉት፣ መዋጮ አለው፣ ሰብሳቢው ቀበሌ ሲሄድ ይደመጣል። ድንኳኑና ወንበሩ ሰው ከሞተ በኋላ እንደሚደርሱለት፣ ይኸው ጉልበት ሰው ሳይሞት በፊት እንዲሠራ በስብሰባ ላይ 15 ደቂቃ ጠይቁ። ስሞታ ሳይሆን ገጽ ይዛችሁ ሂዱ፦ የት እንደሆነ፣ ስንት ልጅ በዚያ እንደሚያልፍ፣ ስንት ሰው ለጥቂት እንደተረፈ፣ ምን ያህል ብር እንደሚፈጅ።

6. ደብተሩን መልሳችሁ ክፈቱ

በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃል፦ ግንቦት ላይ ለክረምቱ፣ መስከረም ላይ ለወባው። ከዚያ ውጭ ቤቱ ሲለወጥ ክፈቱት። ሕፃን ሲወለድ፣ ሽማግሌ ከገጠር ሲመጡ፣ ተከራይ ሲገባ፣ አዲስ ምድጃ ሲገዛ ያው ቤት ያው ቤት አይሆንም።

የእህቴ ልጅ አሁን ይሮጣል። ደብተሩ ማእድ ቤቱ በር ኋላ በምስማር ተሰቅሏል። «ከሰል፣ መኝታ ቤት፣ 9» የሚለው መስመር ከተሰረዘ ቆየ። ያልተሰረዘው በራችን ፊት ያለው ክዳን አልባ ቦይ ነው፤ እድሩ ሲሚንቶውን ገዝቶ ለእሁድ ጠዋት ሰው ቀጥሯል።