ተከላካይ መሆን ለምትፈልጊው እህቴ

እኔ የመሀል ተከላካይ ነበርኩ። ዛሬ ሀዋሳ ላይ ማለዳ ማለዳ ሴት ልጆችን አሰለጥናለሁ። አዲስ ልጅ መጥታ ምን መጫወት እንደምትፈልግ ስጠይቃት መልሷ ሁሌ አንድ ነው፤ "አጥቂ!" አልፈርድባትም። አጥቂዋ ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነስታ፣ የሀዋሳ ከተማን ማልያ ለብሳ፣ እስከ ማልታ የደረሰችው ጎል እያገባች ነው። ይህን የምጽፈው ግን "እኔ ተከላካይ" ብላ እጇን ላወጣችው ነው።

መጀመሪያ መታገስን ተማሪ። ብዙ ልጆች ኳስ የያዘች አጥቂ ሲያዩ ዘለው ይገቡባታል። እሷም የምትፈልገው ይህንኑ ነው። አንድ አብዶ ሠርታ ታልፍሻለች።

እንዲህ አድርጊ። ኳሱ ወደ እሷ እየሄደ ሳለ በሙሉ ኃይልሽ ሩጪ። ሦስት ሜትር ሲቀርሽ እርምጃሽን አሳጥሪ። አንድ ክንድ ተኩል ያህል ራቅ ብለሽ ቁሚ። ፊት ለፊት ከቆምሽ ኳሱ በእግርሽ መሀል ያልፋል፤ ስለዚህ ጎንሽን ስጫት። ጉልበትሽን አጠፍ አድርገሽ ወደ መስመሩ ወይም ወደ ደካማ እግሯ እንድትሄድ አስገድጃት። ትከሻዋን አትከተይ፣ ትከሻ ያታልላል። ዓይንሽ ኳሱ ላይ ይሁን። ኳሱ ከእግሯ ትንሽ ሲርቅ፣ ያኔ እግርሽን አስገቢ።

ልምምዱ ቀላል ነው። በአራት ነጠላ ጫማ 10 ሜትር ርዝመት፣ 5 ሜትር ስፋት ያለው ቦታ ከልሉ። ጓደኛሽ ኳስ ይዛ ለማለፍ ትሞክር። አንቺ ጮክ ብለሽ እስከ አራት ሳትቆጥሪ ኳሱን መንካት አይፈቀድልሽም። አንዷ የማሰለጥናት ልጅ መጀመሪያ ላይ "ሁለት" ሳትል እግሯ ያመልጣት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት እያፈገፈገች፣ እየቆጠረች፣ አራት አለች። አጥቂዋ ግራ ገብቷት ኳሱን ራሷ ከመስመር አወጣችው። ልጄ ኳሱን አንዴም አልነካችም። አቅፌ ሳምኳት።

ሸርተቴ፣ ማለትም መሬት ላይ ተንሸራትቶ ኳስ መንጠቅ፣ የመጨረሻ አማራጭሽ ይሁን። አንቺ መሬት ላይ ስትሆኚ ቡድንሽ በ10 ሰው ነው የሚጫወተው። 16.50 ውስጥማ፣ ጥፋትሽ ፍጹም ቅጣት ምት በሚያሰጥበት በጎልሽ ፊት ባለው ክልል፣ በጣም ተጠንቀቂ። ቴስታ ስትመቺ በግንባርሽ ምቺ፣ ዓይንሽን አትጨፍኚ። ደግሞ ተናገሪ! ሜዳውን ሁሉ ከኋላ የምታይው አንቺ ነሽ። ከእጅ ውርወራ፣ ከመልስ ምት እና ከማዕዘን ምት በቀጥታ ለሚመጣ ኳስ ኦፍሳይድ የለም፤ እዚያ ላይ "ኦፍሳይድ ነው" ብሎ እጅ አውጥቶ መቆም ጎል ያስቆጥርብሻል።

ጉልበትሽን አደራ። የጉልበት ጅማት መበጠስ ሴቶች ላይ ከወንዶች ይበልጥ ይደርሳል። ጉዳትን ለመከላከል የሚሠራው ፊፋ 11+ የሚባለው ማሟሟቂያ 20 ደቂቃ ብቻ ነው የሚወስደው። "ቸኩያለሁ" ብለሽ አትዝለይው።

"ከዚህ ተነስቼ የት እደርሳለሁ?" የምትለኝም አለች። ሳሞአ 200 ሺህ ያህል ሕዝብ ያላት፣ ራግቢ የነገሠባት የፓሲፊክ ደሴት ሀገር ናት። በ2019 እ.ኤ.አ. በዋና ከተማዋ አፒያ በተካሄደው የፓሲፊክ ጨዋታዎች ሴቶቿ በእግር ኳስ ለፍጻሜ ደርሰዋል። እዚያም ከኋላ የቆሙ ልጆች ነበሩ።

አሁን ስለ ወረቀት። የታዳጊዎች ማሰልጠኛ ፕሮጀክት ስትገቢ ትክክለኛ ዕድሜሽን አስመዝግቢ። 18 ሳይሞላሽ "ውጭ ክለብ አስገባሻለሁ" የሚል ሰው ከመጣ ገንዘብም ፓስፖርትም አትስጪው። ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ፊፋ ከ18 ዓመት በታች ያለች ተጫዋች ከሀገር ሀገር እንድትዛወር አይፈቅድም።

እኔ የመጀመሪያ ውሌን የፈረምኩት ኮፒ ሳልቀበል ነው። ደመወዝ ሦስት ወር ሲዘገይ የማሳየው ወረቀት አልነበረኝም። ያ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አንቺ ስትፈርሚ እናትሽ ወይም አባትሽ አጠገብሽ ይቀመጡ። ያልገባችሁን ቃል ጠይቁ። ከወንበሩ ሳትነሺ ኮፒሽን ተቀበይና ላስቲክ ውስጥ አድርገሽ ከልደት ካርድሽ ጋር አስቀምጪው።