ፋንታሲ (አስማትና ምናባዊ ዓለም ያለበት) ልብወለድ ከመግዛታችሁ በፊት ሽፋኑንና «እኔ» ባዩን ተራኪ እንዴት መፈተሽ ይቻላል

ሽፋኑን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ደራሲው ሳይሆን አሳታሚው ነው። ስለዚህ ሽፋን መጽሐፉ ለማን ሊሸጥ እንደታሰበ ይናገራል እንጂ ጥሩ ይሁን መጥፎ አይናገርም። እሱም ቢሆን ካወቁበት ይጠቅማል።

መጀመሪያ መደርደሪያ ላይ የሚታየውን ጎኑን እዩ። ተከታታይ ከሆነ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ እዚያ አለ። ከሌለ የደራሲው ሥራዎች ዝርዝር ያለበትን የፊት ገጽ ግለጡ። ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ሳያዩ ገዝቶ ታሪኩን ከሦስተኛው ቅጽ መጀመር የተለመደ ጣጣ ነው። የፊት ሽፋኑ የተገነጠለ ርካሽ የአሜሪካ እትም ካጋጠማችሁም ተዉት። እዚያ ያልተሸጠ ርካሽ እትም ሽፋኑ ብቻ ተገንጥሎ ለአሳታሚው ይመለሳል፣ የቀረው እንዲወገድ ነው። ደራሲው ከእሱ ቤሳ አያገኝም።

ቀጥሎ ሥዕሉ። ካባ የደረበ ባለሰይፍ ከሆነ ጀብዱ ጠብቁ። በጠቆረ መደብ ላይ አንድ ዘውድ ወይም ጩቤ ብቻ ካለ የሥልጣን ሽኩቻ ሊሆን ይችላል። አበባና ወርቃማ ሐረግ ከበዛ ፍቅሩ ያመዝናል። የደራሲው ስም ከርዕሱ ከገዘፈ የሚሸጠው ስሙ ነው። ለገጸ ባሕርይ መልክ ግን ሥዕሉን አትመኑ፦ የኡርሱላ ለ ግዊን «ኤ ዊዛርድ ኦፍ ኧርዝሲ» (1968) ጀግና ጌድ በጽሑፉ ቆዳው ቀላ ያለ ቡናማ ሲሆን፣ በበርካታ ሽፋኖች ላይ ነጭ ተደርጎ ተሥሏል። ደራሲዋም በይፋ ተቃውማዋለች።

የኋላ ሽፋኑ ማስታወቂያ ስለ ጀግናው አብዛኛውን ጊዜ «እሱ» ወይም «እሷ» እያለ ነው የሚያወራው። ውስጡ ግን ከዳር እስከ ዳር «እኔ» ሊሆን ስለሚችል መግለጥ ግድ ነው።

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ብቻውን ያሳስታል፤ የፓትሪክ ሮትፈስ «ዘ ኔም ኦፍ ዘ ዊንድ» (2007) በሦስተኛ መደብ («እሱ» እያለ) ይጀምርና በኋላ ጀግናው፣ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት የሆነው፣ ታሪኩን በራሱ አንደበት ያወጋል። ስለዚህ ሦስት ቦታ አንብቡ፦ የመጀመሪያውን ምዕራፍ፣ መሐሉ ላይ አንድ ገጽ፣ አንድ የምልልስ ገጽ። መጨረሻውን አትንኩ።

ስታነቡ ተራኪው ለማን እንደሚያወራ ጠይቁ። ደካማ «እኔ» ለአንባቢ ሲል የገዛ አገሩን ያስተዋውቃል። አንድ የአዲስ አበባ ሰው ለጎረቤቱ «ትናንት ከጤፍ የሚጋገረውን፣ በወጥ የምንበላውን ምግባችንን እንጀራን በላሁ» ቢለው ጎረቤቱ ታመሃል ወይ ይለዋል። «ሁላችሁም እንደምታውቁት ጨረቃዎቻችን ሦስት ናቸው» የሚል ተራኪም ያው ነው። ጎበዙ «ሦስተኛዋ ሳትወጣ በሩን ቀረቀርኩ» ብሎ ያልፋል፤ ጨረቃዎቹንም ፍርሃቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር አገኛችሁ። ተራኪው መጻተኛ ከሆነ ወይም ለባዕድ የሚጽፍ ከሆነ ግን ማብራራቱ ትክክል ነው፣ አትፍረዱበት።

መስታወት ፊት ቆሞ የፀጉሩን ቀለም የሚዘረዝር ተራኪ በመጀመሪያው ምዕራፍ ካገኛችሁ፣ በእኔ ግምት መልሳችሁ ብታስቀምጡት ይሻላል።

ጊዜውንም እዩ። ባለፈ ጊዜ የሚያወራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከጉዱ ተርፎ ነው የሚያወራው። «ይሞት ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ስለሚላላ ደራሲው ሌላ ጉጉት ማስቀመጥ አለበት፦ ማንን አጣ? ምን ደበቀን? መሐሉ ገጽ ላይ ውጊያ ብቻ ካለና ይህ ጥያቄ ከሌለ መጽሐፉ ይሰለቻል።

ተራኪዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ከሆኑ የምዕራፉን ርዕስ በእጃችሁ ሸፍናችሁ አንድ አንድ አንቀጽ አንብቡ። ማን እንደሚያወራ መለየት ካቃታችሁ ድምፁ የደራሲው ብቻ ነው።

ኪንድል (የአማዞን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ) ላይ ነፃ ናሙና ማውረድ ይቻላል። ነገር ግን ናሙናው ከመጽሐፉ መጀመሪያ ስለሆነ የመሐሉን ገጽ ለማየት መጽሐፉን በእጅ የሚያስገልጥ ሱቅ ወይም ቤተ መጻሕፍት ያስፈልጋችኋል።