ነፃ የኦንላይን የጤና ትምህርት ተምረው ለሌላ ሲያካፍሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የጤና ትምህርት በነፃ ማግኘት ዛሬ አይቸግርም። የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤም አይ ቲ የኮርስ ማስታወሻዎቹን በነፃ እንደሚለቅ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ነበር፤ ኮርሴራና ኤድኤክስ የተባሉት የኦንላይን ኮርስ መድረኮች በ2012 መጡ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2017 ኦፕን ደብሊው ኤች ኦ የተባለውን ነፃ መማሪያ ከፈተ። ነገር የሚበላሸው ትምህርቱ ከስክሪን ተነስቶ ጎረቤት ጆሮ እስኪደርስ ባለው መንገድ ላይ ነው። ልኩ ይጠፋል፣ ገደቡ ይረሳል።

ብዙ ኮርስ በአንዴ መጀመር

ነፃ ነው ተብሎ ይመዘገባል፣ አንዱም አያልቅም። በዙሪያዎ ያሉ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን አንድ ጉዳይ መርጠው እሱን ይጨርሱ። ምኑ ነፃ እንደሆነም አስቀድመው ያንብቡ፤ ብዙ ጊዜ ቪዲዮው በነፃ ይታይና ሰርተፊኬቱ ላይ ክፍያ ይመጣል።

ትምህርቱ መቼ እንደተዘጋጀ አለማየት

ይህን ስህተት የተማሩ ሰዎችም ይሠሩታል። እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ለአለርጂ የተጋለጡ ልጆች 3 ዓመት እስኪሞላቸው ለውዝ እንዳይቀምሱ ይመክር ነበር። በ2015 የወጣ ጥናት ግን በሐኪም ክትትል ቀድመው የቀመሱት በአለርጂው የመያዝ ዕድላቸው በእጅጉ እንደሚያንስ አሳየና ምክሩ ተገለበጠ። የድሮውን ቪዲዮ ያየ ሰው ዛሬም በቅን ልቦና የተሻረ ምክር ያስተላልፋል። ዓመት የሌለው፣ አዘጋጁም የማይታወቅ ቪዲዮ የቱንም ያህል ቢያምር ይለፍዎ።

አይቶ ብቻ «አወቅሁት» ማለት

የልብ ምቱ ለቆመ አዋቂ ደረቱን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት መጫን እንደሚያስፈልግ በቪዲዮ መስማት ቀላል ነው። ያን ፍጥነት ይዞ መቆየት ምን ያህል እንደሚያደክም ግን እጅ ካልሞከረው አይታወቅም። የሚለማመዱት በማሠልጠኛ አሻንጉሊት ይሁን፤ ጤነኛ ሰው ላይ በፍጹም አይሞክሩት።

የደም ግፊት መለካትም እንዲሁ ነው። ተለኪው ቡና ከጠጣ ወይም ካጨሰ ግማሽ ሰዓት ያልሞላው ከሆነ፣ 5 ደቂቃ ያህል ዐርፎ ካልተቀመጠ፣ ጀርባው ካልተደገፈ፣ ክንዱ ከልቡ ትይዩ ካልሆነ ቁጥሩ ያሳስታል። ደግሞም አንድ ጊዜ 140/90 ስለታየ ብቻ «ግፊት አለብህ» አይባልም፤ በሌላ ቀን ተደግሞ መረጋገጥ አለበት።

ልኩን ቆርጦ ማውራት

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። «ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ስኳርና ጨው በጥብጦ ማጠጣት» የሚለው ምክር ግማሽ ነው፤ ግማሹ ደግሞ አደገኛ ነው። የሚመረጠው በፓኬት የተዘጋጀው ኦ.አር.ኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽ የሚተካ ዱቄት) ነው፤ እሱም ፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውኃ መጠን ይበጠበጣል። ፓኬቱ ከሌለ ለ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨመራል፤ ማንኪያው ሳይቆለል፣ ከጠርዙ ጋር ተስተካክሎ። ጨው ሲበዛ ልጁን ሊጎዳው ይችላል፤ ስኳር ሲበዛ ተቅማጡን ያባብሰዋል። ስለዚህ ይህን ሲያስተምሩ እናትየዋ መልሳ እንድትነግርዎ ይጠይቋት፤ ቢቻል በፊትዎ ትበጥብጠው። ራሷን መነቅነቋ ብቻ መግባባትን አያሳይም፤ አክብሮትም ሊሆን ይችላል።

ቃጠሎ ላይም ልኩ ወሳኝ ነው። «ውኃ አፍስሱበት» ሲባል ሰው ጥቂት አፍስሶ ይተዋል፤ የሚያስፈልገው ለ20 ደቂቃ ያህል ቀዝቀዝ ያለ የሚፈስ ውኃ ነው። በረዶ፣ ቅቤና የጥርስ ሳሙና አይደረግበትም።

ሰርተፊኬቱን የሕክምና ፈቃድ ማድረግ

አንድ ኮርስ እንደጨረሱ ሰዎች የመድኃኒት ስም ይዘው መምጣታቸው አይቀርም። ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ አንቲባዮቲክ እንደማይፈውሰው መናገር ይችላሉ፤ ማን ምን መድኃኒት ይዋጥ ማለት ግን የእርስዎ ሥራ አይደለም። የሰውን ሕመም ለምሳሌ ብሎ በቡድን መልእክት ላይ መጥቀስም ነውር ነው፤ ስም ባይጠራ እንኳ በአካባቢው ያለ ሰው ማን እንደሆነ ይለየዋል።

አስቸኳዩን ለማስተማር መሞከር

መጠጣት ወይም መጥባት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልሰው፣ የሚያንቀጠቅጠው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ብሎት መንቃት የተሳነው ሕፃን ምክር ሳይሆን ጤና ተቋም ነው የሚያስፈልገው። ፊቱ በአንድ በኩል የተንጋደደ፣ አንድ ክንዱ የዛለ ወይም ንግግሩ የተኮላተፈ ሰው ሲያዩም ወዲያው አምቡላንስ ይጥሩ፤ ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓትም ጽፈው ይያዙ። እነዚህ የስትሮክ (የአንጎል የደም ዝውውር መታወክ) ምልክቶች ናቸው፤ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው በመጀመሪያዎቹ 4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ስለሆነ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ያን ሰዓት ነው።