ተበትኖ የታረቀ ባንድ ኮንሰርት እንዴት ይታያል? ኪስ ሳይራቆት

ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ኦገስት 31 ቀን 2024። ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። ስልኬ በቀኝ፣ የባለቤቴ ስልክ በግራ። ቡናው ተቀድቶ ቀዝቅዟል። ስክሪኑ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ይታያል፤ ከፊቴ ወረፋ የያዘው ሰው ብዛት። ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ነው።

ኦኤሲስ ሊመለስ ነው። የማንችስተሩ ሮክ ባንድ፣ የኖኤልና የሊያም ጋላገር። እነዚህ ወንድማማቾች በ2009 ኦገስት 28 ፓሪስ ላይ፣ መድረክ ሊወጡ ትንሽ ሲቀራቸው ከመጋረጃ ጀርባ ተጣሉና ባንዱ ፈረሰ። ከዚያ የ15 ዓመት ኩርፊያ። እኛ ዘንድ ቢሆን በሁለተኛው ሳምንት ሽማግሌ ይላክባቸው ነበር። እነሱ በየጋዜጣው ሲሰዳደቡ ከርመው፣ በ2024 ኦገስት 27 እንደሚመለሱ አስታወቁ። ከአራት ቀን በኋላ ትኬቱ ለሽያጭ ወጣ።

ያን ቅዳሜ ምንም አላገኘሁም። በመጨረሻ ግን ለንደን ያለው ዌምብሊ ስታዲየም ገባሁ፣ ያውም ዕዳ ውስጥ ሳልገባ። በመሃል የተማርኩትን ነው የምጽፍላችሁ። ሌላ የተኳረፈ ባንድ መታረቁ አይቀርምና።

የዋጋ ጣሪያችሁን ወረቀት ላይ ጻፉ

ሰው ሁሉ የሚያስበው ትኬቱን ካየ በኋላ ነው። ስህተቱ እዚያ ነው። ያን ቀን የመቆሚያ ትኬት 150 ፓውንድ ገደማ ነው ተብሎ ሰው ወረፋ ገባ። ተራው ሲደርስ ያው ቦታ ከ350 ፓውንድ በላይ ሆኖ ጠበቀው። የመወሰኛው ጊዜ ደግሞ የደቂቃዎች ነው። አምስት ስድስት ሰዓት የተጎለተ ሰው በዚያች ደቂቃ ሂሳብ አይሠራም። «ከዚህ ሁሉ በኋላ ባዶ እጄን?» ይልና ካርዱን ያወጣል።

ብዙዎቻችን ኮምፒውተሩ ፈላጊ በበዛ ቁጥር ዋጋውን የሚቆልል መስሎን ነበር። የብሪታኒያ የውድድርና ገበያዎች ባለሥልጣን መርምሮ ያገኘው ሌላ ነው። የመቆሚያው ትኬት ከመነሻውም በሁለት ዋጋ ተከፍሎ ነበር። መጀመሪያ ርካሹ ይሸጣል፣ እሱ ሲያልቅ ውዱ ይከፈታል። ወረፋ ላይ ያለው ሰው ይሄን በግልጽ አልተነገረውም። «ፕላቲነም» የሚባል መቀመጫም ነበር፤ ከመደበኛው ወደ 2.5 እጥፍ የሚጠጋ ዋጋ ያለው፣ ግን አጠገቡ ካለው ወንበር የተለየ ጥቅም የሌለው። በ2025 ሴፕቴምበር ትኬቱን የሸጠው ድርጅት፣ ትኬትማስተር፣ ለባለሥልጣኑ ቃል ገባ፤ ከእንግዲህ እንዲህ በደረጃ የተከፈለ ዋጋ ካለ ከ24 ሰዓት በፊት ለደጋፊዎች ያሳውቃል። ስለዚህ ከሽያጩ ዋዜማ የምትመጣዋን ኢሜይል ሳታነቡ አትለፏት።

አሜሪካ ያላችሁ ትንሽ ይሻላችኋል። ከ2025 ሜይ ወዲህ በፌዴራል ደንብ መሠረት የአገልግሎት ክፍያው ሁሉ ተደምሮ ከመጀመሪያው መታየት አለበት። መጨረሻ ላይ ዱብ የሚል የአገልግሎት ክፍያ የለም።

ወረቀቱ ላይ የምትጽፉት የትኬቱን ዋጋ ብቻ አይደለም። ትኬት፣ የአገልግሎት ክፍያ፣ ትራንስፖርት፣ ማደሪያ፣ ምግብ፣ ከሥራ የቀራችሁበት ቀን። ቲሸርትም ጻፉ፤ አልገዛም የሚል ሁሉ ይገዛል። ደምሩና አንድ ቁጥር አውጡ። ለአንድ ሰው አሳዩት። ቢቻል ለሚቆጣችሁ ሰው።

እኔ ለታላቅ እህቴ በስልክ ነገርኳት።

«ስንት አልከኝ?»

«ሁሉም ተደምሮ ነው እኮ እትዬ...»

«ለዘፈን? እነሱ ታረቁ ብለህ አንተ ልትከፍል?»

እውነቷን ነው። በ1996 ይሄው ባንድ እንግሊዝ ውስጥ ኔብዎርዝ በሚባል ቦታ በሁለት ምሽት ለ250,000 ሰው ሲጫወት ትኬቱ 22.50 ፓውንድ ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ እዚያ ነበር። በየምሳ ሰዓቱ ያስታውሰኛል።

በነገራችን ላይ በዕርቅ መነገድ አዲስ ነገር አይደለም። የአሜሪካው ባንድ ኢግልስ በ1994 ሲመለሱ ነው የሮክ ትኬት ከመቶ ዶላር አለፈ ተብሎ ጉድ የተባለው። የእንግሊዙ ባንድ ሌድ ዘፕሊን በ2007 ለንደን ላይ ለአንድ ምሽት ብቻ ሲገናኙ ትኬቱ 125 ፓውንድ ነበር፤ የቀረበው ጥያቄ ግን 20 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። እሱ የመደገም ተስፋም አልነበረውም። ኦኤሲስ 41 ምሽት ተጫውቷል። አንድ ምሽትና 41 ምሽት እኩል አያስጨንቁም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ስንት ቀን እንደሚጫወቱ እዩ።

ገንዘቡን እኛ ያጠራቀምነው በዕቁብ ነው። አራት ሆነን በየወሩ ጣልን። ዕጣው መጀመሪያ ለማን እንደወጣ መናገር አያስፈልግም፤ የወጣለት ሰው እስከ ዛሬ ይታማል።

ቀድማችሁ ተመዝገቡ፣ አንድ ገጽ ብቻ ክፈቱ

ትልልቅ ባንዶች ከዋናው ሽያጭ በፊት በዕጣ የሚገቡበት ቅድመ ሽያጭ ያዘጋጃሉ። የኦኤሲስ ምዝገባ ላይ ጥያቄም ነበር፤ የባንዱ የመጀመሪያ ድራመር ማን ነበር? መልሱ ቶኒ ማካሮል ነው። እንዲህ ያለውን ጎግል ማድረግ ነውር የለውም።

ከሽያጩ በፊት አካውንታችሁን ክፈቱ፣ የካርዳችሁን ቁጥር አስገቡ፣ የይለፍ ቃሉ እንደሚሠራ ሞክሩ። ባንካችሁ ማረጋገጫ የሚልከው በየትኛው ስልክ እንደሆነ እወቁ። ያ ስልክ ቻርጅ ላይ ይሁን።

የእኔ ጥፋት ስግብግብነት ነው። በአንድ አካውንት በላፕቶፕም በስልክም ገባሁ። ተራዬ ሊደርስ ሲል ገጹ ሮቦት ነህ ብሎ አስወጣኝና ወረፋው ጭራ ላይ ጣለኝ። ባለቤቴ በራሷ አካውንት፣ በአንድ ስልክ፣ አንድ ገጽ ከፍታ ልብስ ስታጥፍ ነበር። እሷ እስከ መጨረሻው ደረሰች፤ የጠበቃት ዋጋ ግን ወረቀቱ ላይ ካለው በላይ ነበር። ወረቀቱን አየችና ዘጋችው። እኔ ብሆን እንደማልዘጋው እሷም ታውቃለች።

አልጋውን ከትኬቱ በፊት ያዙ

ይሄ የተገላቢጦሽ ይመስላል። ግን ኮንሰርቱ በተነገረ በሰዓታት ውስጥ የማንችስተርና የካርዲፍ ሆቴሎች ዋጋ ጣሪያ ነካ። ቀኑ እንደተሰማ፣ ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ክፍል ያዙ። ትኬት ካጣችሁ ሰርዙት። ከከተማው በባቡር አርባ ደቂቃ ራቅ ብላችሁ ብትፈልጉም ዋጋው በግማሽ ሊወርድ ይችላል፣ የመጨረሻው ባቡር በስንት ሰዓት እንደሚሄድ ካረጋገጣችሁ።

በረራም ከሆነ ገንዘቡ የሚመለስ ወይም ቀኑ የሚቀየር ይሁን። የተጣሉ ሰዎች ታረቁ ማለት ሁለተኛ አይጣሉም ማለት አይደለም። ፓሪስ ላይ በ2009 ሕዝቡ ሜዳው ላይ ቆሞ እየጠበቀ ነው ባንዱ የለም የተባለው። ኮንሰርት ሲሰረዝ የትኬቱ ዋጋ ይመለሳል። የአውሮፕላኑንና የሆቴሉን ማንም አይመልስላችሁም።

ከአዲስ አበባ ለመምጣት ለምታስቡ፦ የኮንሰርት ትኬት ቪዛ አያስገኝም። የብሪታኒያ የጉብኝት ቪዛ ማመልከቻ በ2025 ከ120 ፓውንድ በላይ ነበር፣ ቢከለከልም አይመለስም። መጀመሪያ ቪዛው፣ ከዚያ ሌላው።

ካመለጣችሁ አትደንግጡ፣ ከአየር በአየር ነጋዴም አትግዙ

ዋናው ቁም ነገር ይሄ ነው። ትኬት በመጀመሪያው ቀን አያልቅም። አለቀ የሚባለው ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት አየር በአየር የሚነግዱ ሰዎች ትኬቱን በሺዎች ፓውንድ ያቀርቡታል። ሰው ትኩስ ነው፣ ተናዷል፣ ይገዛል። የባሰው ደግሞ ትኬት ሳይኖራቸው የሚሸጡት ናቸው። ሎይድስ ባንክ እንደገመተው የኦኤሲስ ደጋፊዎች ለአጭበርባሪ የሰጡት ገንዘብ ከ2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነው። አንድ ሰው በአማካይ 436 ፓውንድ ተበልቷል። አብዛኛው የተጀመረው ሶሻል ሚዲያ ላይ ነው። «ወንድሜ ታሞ ነው፣ በገዛሁበት ልልቀቅልህ» የሚል ሰው ገንዘቡን በባንክ አስተላልፍልኝ ካለ፣ ወንድምየው ደህና ነው።

ይልቅ ጠብቁ። ከኮንሰርቱ በፊት ባሉት ወራት ሰው ሥራ ይቀይራል፣ ይወልዳል፣ ይጣላል። ትኬቱን በገዛበት ዋጋ ወደሚያሸጡ፣ ባንዱ ራሱ ዕውቅና ወደሰጣቸው ድረ ገጾች ይመልሰዋል። ለኦኤሲስ አንዱ ትዊኬትስ ነበር። ማሳወቂያውን አብሩና ተረጋግታችሁ ኑሩ። ሌላም አለ። መድረኩ የት እንደሚተከል ሲታወቅ፣ ይጋርዳል ተብለው ተይዘው የነበሩ መቀመጫዎች በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ይለቀቃሉ። ብዙ ጊዜ በጸጥታ፣ በመደበኛው ዋጋ።

አየርላንድ ከ2021 ጀምሮ ከተገዛበት በላይ መሸጥን በሕግ ከልክላለች። ብሪታኒያም በ2025 ኖቬምበር እንዲሁ ልታደርግ መሆኗን አስታውቃለች። ብሪታኒያ ውስጥ የአንዱ ትኬት ዋጋ ከ100 ፓውንድ ካለፈ በክሬዲት ካርድ ክፈሉ፤ ሻጩ ቢከዳችሁ ባንኩን መጠየቅ ትችላላችሁ። ከሦስተኛ ወገን ከገዛችሁ ግን ይሄ መብት ላይሠራ ይችላል።

እኔ ያገኘሁት እንደዚህ ነው። አንድ ማክሰኞ ማታ፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ ስልኬ ጮኸ። ሁለት ወንበር፣ ዌምብሊ፣ ከላይ። ከመቶ ፓውንድ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ከወረቀቱ በታች ነው። በሽንኩርት እጄ ገዛሁት።

የቱ ቦታ?

ወጣት ከሆናችሁና እግራችሁ ከቻለ፣ መቆሚያ። ግን ከሰዓት በኋላ ገብታችሁ እስከ ማታ ቆማችሁ ነው። ሽንት ቤት የሄደ ሰው ቦታውን አያገኛትም። ከአርባ በላይ ላለን፣ የላይኛው ወንበር ይበቃል። ዘፋኙ ከዚያ ክብሪት ያክላል፣ ዋናው ነገር ግን 90,000 ሰው ሲዘፍን መስማት ነው፤ ያ ደግሞ ከላይ ሆኖ ሲሰሙት ይበልጣል።

ልዩ ምሽት አታሳድዱ። ከካርዲፍ እስከ ሳኦ ፓውሎ የተጫወቷቸው ዘፈኖች ከሞላ ጎደል አንድ ነበሩ። መጀመሪያውን ቀን ብላችሁ እጥፍ አትክፈሉ።

የዕለቱ ዕለት

ትኬቱን ቤታችሁ ሳላችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ፤ በር ላይ ኔትወርክ ይጨናነቃል። ቦርሳ ትንሽ ይሁን። አሜሪካ የኤን ኤፍ ኤል (የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ) ስታዲየሞች የሚያስገቡት ውስጡ የሚታይ ቦርሳ ነው። የጆሮ መድፈኛ ያዙ፤ ጥቂት ፓውንድ ነው፣ ድምፁ ግን ከ100 ዴሲቤል ሊዘል ይችላል።

መብራቱ ጠፋ። ሁለቱ ወንድማማቾች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ እጃቸውን ከፍ አድርገው ወጡ። አጠገቤ ስልሳ የሚጠጋ ሰውዬ ነበር፣ የባልዲ ቅርጽ ያለው ኮፍያ ያደረገ። እስከዚያች ደቂቃ ስለ ባቡሩ መዘግየት ሲያማርር ነበር። ኮፍያውን አወለቀና ዓይኑን ጠረገበት።

በመሃል ሊያም ሁላችሁም ዙሩ አለ። ጀርባችሁን ለመድረኩ ስጡ፣ የጎረቤታችሁን ትከሻ እቀፉ፣ ዝለሉ። ፖዝናን ይሉታል። የማንችስተር ሲቲ ደጋፊዎች በ2010 ከፖላንዱ ሌህ ፖዝናን ደጋፊዎች የወረሱት ነው፣ ወንድማማቾቹም የሲቲ ሰዎች ናቸው። ያን ሁሉ ብር ከፍዬ ጀርባዬን ሰጠሁ። ሰውዬው በግራ ያዘኝ፣ ባለቤቴ በቀኝ። በየሠርጉ ትከሻዬን ስነቀንቅ ነው ያደግኩት፣ እንዲህ ግን ዘልዬ አላውቅም። ከእግራችን ሥር ኮንክሪቱ ሲርገበገብ ይሰማል። ሰውዬው የሚለው አንዱም አልገባኝም፣ ግን ጮክ ብዬ መለስኩለት።

ሲያልቅ አትሩጡ። ሁሉም ወደ ዌምብሊ ፓርክ ጣቢያ ነው የሚሄደው፣ ፖሊስም እያቆመ ነው የሚያሳልፈው። ወንበራችሁ ላይ እስከሚፈቀድላችሁ ተቀመጡ፣ ወይም ወደ ሌላው ጣቢያ፣ ወደ ዌምብሊ ሴንትራል፣ በእግር ሂዱ። እኛ ሁለተኛውን መረጥን።

በማግስቱ እህቴ ደወለች።

«ድምፅህ ምን ሆኗል?»

«ጉንፋን ይዞኝ ነው፣ እትዬ።»

«እሱስ ሚስትህ ቪዲዮውን ልካልኛለች። ጉንፋኑ ያዘልላል እንዴ?»