ብዛት ያለው ኤግ ሮል ሠርቶ ማስቀመጥ፦ ችግርና መፍትሄ

ኤግ ሮል በስስ ሊጥ የተጠቀለለ የሥጋና የአትክልት ሙሌት ሲሆን በዘይት ይጠበሳል። አሥሩን ጠቅልሎ ወዲያው መጥበስ ብዙም አያስቸግርም። ጣጣው የሚመጣው መቶውን በአንድ ቀን ሠርቶ ለሳምንታት ማቆየት ሲፈለግ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ብልሽቶች መልካቸው ይለያይ እንጂ አብዛኞቹ ከውሃ የሚመጡ ናቸው፦ በሙሌቱ ውስጥ የቀረ ውሃ፣ ከትኩስ ሙሌት የሚወጣ እንፋሎት፣ ፍሪዘር ውስጥ የሚሠራ አመዳይ።

ሊጡ ሳይጠበስ ይረጥባል፣ ከታች ይቀደዳል

ሲጠቀለል ደህና የነበረው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲነሳ ታችኛው ሊጥ ትሪው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ብዙ ሰው ሊጡን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን የጎመኑ ነው። ጥቅል ጎመን ከአሥር እጅ ዘጠኙ ውሃ ነው፤ ጨው ሲነካው ደግሞ ያንን ውሃ መልቀቅ ይጀምራል። በሰፊ መጥበሻ ትንሽ ትንሽ ሲታመስ ውሃው ይተናል። በትልቅ ድስት 4 ኪሎ በአንዴ ሲገባ ግን መታመሱ ቀርቶ በራሱ ውሃ ይቀቀላል። ለ10 ፍሬ የሠራው አሠራር ለ100 የማይሠራው ለዚህ ነው።

ስለዚህ በቀጭኑ የተከተፈውን ጎመን ለ1 ኪሎ 10 ግራም ጨው ሂሳብ አሽቶ 30 ደቂቃ ማጥለያ ላይ መተው፣ ከዚያም በንጹህ ጨርቅ ጠቅልሎ አጥብቆ መጭመቅ። ከጨው የተወሰነው ጎመኑ ላይ ስለሚቀር ለሥጋው በሚጨመረው ጨውና በሶያ ሶሱ ላይ እጅን መሰብሰብ ያስፈልጋል። የተፈጨውን ሥጋ ለብቻ አብስሎ ስቡንና ጭማቂውን ማጥለል። ጎመኑንና ካሮቱን ደግሞ በአንድ ጊዜ ከ1 ኪሎ ሳያስበልጡ በኃይለኛ እሳት 2 ወይም 3 ደቂቃ ማመስ ይበቃል። ሁሉም ከተቀላቀለ በኋላ ከድስቱ ግርጌ ጭማቂ ከታየ፣ ለ1 ኪሎ ሙሌት 1 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በ2 ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ መጨመርና እስኪያስር ማማሰል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ከቀዘቀዘው ሙሌት አንድ እፍኝ ይዞ መጭመቅ፤ በጣቶች መካከል ጠብ የሚል ነገር ካለ ገና ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ችኮላ ነው። ለብ ያለ ሙሌት እንኳ ሊጡን ከውስጥ በእንፋሎት ያርሰዋል። ከ5 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት በሰፊ ትሪ ላይ አሰራጭቶ፣ ከእሳት ከወረደ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ማስገባት፤ መጠቅለል የሚጀመረው ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ነው። በጥልቅ ድስት እንዳለ ፍሪጅ የገባ ሙሌት መሃሉ ለብዙ ሰዓት ሞቆ ይቆያል። ይህ ሊጡን ብቻ ሳይሆን ጤናንም ይጎዳል።

የሊጡ ጠርዝ ይደርቃል፣ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል

አየር ነክቶታል። ሊጡን 10 ወይም 15 እያደረጉ ማውጣት፣ የቀረውን በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ መሸፈን። በበረዶ የተገዛ ሊጥ ከሆነ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ አዛውሮ ማሳደር እንጂ ጠረጴዛ ላይ አቻኩሎ ማቅለጥ አያዋጣም፤ ውጪው ሲለሰልስ መሃሉ ገና በረዶ ነው።

ዘይት ውስጥ ይፈታል ወይም ይፈነዳል

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ መጠኑ ነው። ጎኑ 16 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሊጥ 45 ግራም ገደማ (3 የሾርባ ማንኪያ ሞላ ያላለ) ይበቃል፤ ለ100 ፍሬ 4.5 ኪሎ ያለቀለት ሙሌት ማለት ነው። ከመጭመቅና ከመታመስ የሚጠፋውን አስቦ ጥሬውን ወደ 6.5 ኪሎ ማዘጋጀት ይሻላል። የመጀመሪያዎቹን አምስት በሚዛን ለክቶ መሥራት እጅን ያስለምዳል።

ሁለተኛው ውስጥ የቀረ አየር ነው። የታችኛውን ጫፍ በሙሌቱ ላይ አጥፎ ወደ ራስ ሳብ ማድረግ፣ ጎንና ጎኑን ማጠፍ፣ ከዚያ ጠበቅ አድርጎ መጠቅለል። ከመጠን በላይ ከተወጠረ ግን እንፋሎቱ መውጫ ያጣና ይቀደዳል።

ሦስተኛው ማጣበቂያው ነው። ባዶ ውሃ ለወዲያው ጥብስ ይሠራ ይሆናል፤ ለሚቀመጥ ግን አይታመንም። 2 ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በ3 ማንኪያ ውሃ መበጥበጥ በቂ ነው። የተመታ እንቁላልም ያጣብቃል፤ ነገር ግን መቶ እስኪጠቀለል ድረስ ጥሬ እንቁላል ጠረጴዛ ላይ ስለሚውል የዱቄቱ ይመረጣል። የተጠቀለለውን መዝጊያው ወደ ታች እንዲሆን አድርጎ ማስቀመጥና ዘይት ውስጥም በዚያው በኩል ማስገባት።

ፍሪጅ ያደረው እርስ በርሱ ተጣብቋል

ለዚህ ሁነኛ መድኃኒት የለውም። ተጠቅልሎ ያልተጠበሰ ኤግ ሮል የፍሪጅ ዕቃ አይደለም፤ ሙሌቱ ምንም ቢደርቅ ሊጡ ቀስ እያለ እርጥበት ይስባል። ለጥቂት ሰዓት ብቻ ከሆነ ስታርች በስሱ በተነሰነሰበት ትሪ ላይ ሳይነካኩ መደርደር፣ በላያቸው የመጋገሪያ ወረቀት ማድረግና መሸፈን። ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ፍሪዘር ነው።

ፍሪዘር ውስጥ አንድ ግግር ሆነ፣ ወይም ላዩ ነጣ

ግግሩ የሚፈጠረው በረዶ ሆነው ሳይጠነክሩ ከረጢት ውስጥ ሲከተቱ ነው። በመጋገሪያ ወረቀት ላይ አራርቆ ደርድሮ ሲነኩት ድንጋይ እስኪሆን፣ 2 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ማቆየትና ከዚያ ወደ ከረጢት ማዛወር። መቶውን በአንዴ ማስገባት ፍሪዘሩን ስለሚያሞቀው በየተራ ይሁን። የነጣው ደግሞ በአየር የደረቀ ነው፤ የከረጢቱን አየር ጨምቆ ማስወጣት፣ ቀኑን መጻፍ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ማቆየት። ከ2 ወይም 3 ወር በኋላ አይመርዝም፤ ጣዕሙ ግን ይወርዳል።

ውጪው ጠቆረ፣ ውስጡ በረዶ ነው

ዘይቱ ለበረዶ ኤግ ሮል ከልክ በላይ ግሏል። በረዶ ያልሆነው በ175–180 ዲግሪ ይጠበሳል፤ ከፍሪዘር በቀጥታ የሚገባው ግን በ165–170 ዲግሪ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ይፈልጋል፣ መሃሉም 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። አቅልጦ መጥበስ የባሰ ነው፦ በረዶው የጎመኑን ሥጋ ስለሚሰባብረው ሲቀልጥ ውሃውን ሊጡ ላይ ይለቃል። አመዳይ ካለበት በደረቅ ብሩሽ ማራገፍ፤ ዘይት የሚያስፈነጥረው እሱ ነው። ድስቱ ከግማሽ በላይ ዘይት አይያዝ።

ዘይት ጠጥቷል

በ3 ሊትር ዘይት ከ4 ወይም 5 በላይ በረዶ ኤግ ሮል ሲገባ ሙቀቱ ወደ 150 ይወርድና ሊጡ ሳይደነድን ዘይት ይስባል። ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው ሲታለፍ ቴርሞሜትሩን ማየት። ከሊጡ የሚራገፈው ስታርች ግርጌ እየተቃጠለ ዘይቱን ስለሚያጠቁር በየመሃሉ በደቃቅ ወንፊት ማንሳት ያስፈልጋል።

ከተጠበሰ በኋላ ለሰለሰ፣ ሲሞቅ እንደ ቆዳ ሆነ

ሶፍት ላይ ተከምሮ ወይም ትኩሱን ተሸፍኖ ከሆነ በራሱ እንፋሎት ለስልሷል። ማንጠፍጠፊያው የሽቦ መደርደሪያ ይሁን፤ እንግዳ እስኪመጣ 95 ዲግሪ ኦቭን ውስጥ ሳይሸፈን ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያል። ለማሞቅ ማይክሮዌቭ አይሆንም፣ የሙሌቱን ውሃ በሊጡ በኩል ስለሚያስወጣው። ኦቭን በ200 ዲግሪ፣ ከፍሪጅ ለወጣ 10–12 ደቂቃ፣ ከፍሪዘር ለወጣ 15–18፤ በኤር ፍራየር በ190 የፍሪጁ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ።

ድግስ ለሚያዘጋጅ ግን የተሻለው ግማሽ ጥብስ ነው። በ160 ዲግሪ 2 ወይም 3 ደቂቃ፣ ሊጡ ደንድኖ ሳይቀላ ማውጣት፣ በሽቦ ላይ ፍጹም ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ በረዶ ማድረግ። በዕለቱ ሳይቀልጥ በ175 ዲግሪ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ይጠበስና ከመጀመሪያው ዙር አንዱ ተቆርጦ መሃሉ ይለካል፤ 74 ካልደረሰ ለቀሪው አንድ ደቂቃ ይጨመራል። ሙሉ ለሙሉ ተጠብሶ የተረፈው ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል፤ ጠረጴዛ ላይ ከ2 ሰዓት በላይ የዋለው ግን ቢሸትም ባይሸትም ይጣላል።