ጨዋማ ውሃ በሶላር ስናጣራ ብር የሚያስበሉን ስህተቶች

"ፀሐይ ነፃ ናት" ያልተባለበት ስብሰባ ገብቼ አላውቅም። አዎ ነፃ ናት። ግን ቆላ አካባቢ ቆመው ያየኋቸው የአር ኦ ማሽኖች (ጨዋማ ውሃን በግፊት ገፍተው የሚያጣሩት) አንዳቸውም ፀሐይ አጥተው አልቆሙም፣ የቆሙት ሰው ፓኔሉን ብቻ አይቶ ውሃውንና ሜምብሬኑን፣ ማለትም ጨዉን የሚያስቀረውን ስስ ማጣሪያ፣ ስለረሳ ነው። እኔ የምሰራው ጉድጓድ ላይ ነው፣ ባሕር የለንማ፣ ግን የሚሳሳተው ሰው እዚህም ጠረፍ ላይም ያው ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ከፓኔል መጀመር ነው። ሰው ይደውልና "ስንት ፓኔል ይበቃኛል?" ይላል፣ "ውሃህ በሊትር ስንት ግራም ጨው አለው?" ስለው ዝም። የባሕር ውሃ 35 ግራም አካባቢ አለው፣ ቀይ ባሕር ወደ 40 ይጠጋል፣ ጨዋማ የምንለው ጉድጓድ ግን ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ነው። ይሄ ልዩነት ሁሉንም ይወስናል ምክንያቱም ሜምብሬኑ ውሃውን አሳልፎ ጨዉን የሚያስቀረው በግፊት ነው፣ ለባሕር ከ55 እስከ 70 ባር ትፈልጋላችሁ ለጉድጓድ ከ10 እስከ 20 ይበቃል፣ ባሕሩ ጥሩ ማሽን ተገኝቶ በሜትር ኪዩብ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ሲበላ ጉድጓዱ 1 ምናምን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ላብራቶሪ። ጨው ብቻ ሳይሆን ብረት፣ ካልሲየም፣ ሲሊካ፣ ስምጥ ሸለቆ ከሆናችሁ ደግሞ የግድ ፍሎራይድ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፣ ጥርስ ሲበልዝ አይታችኋል መቼም። (አፍልተን እንጠጣዋለን የሚሉም አሉ፣ ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ይብስበታል እንጂ ፍሎራይድ በማፍላት አይጠፋም።)

ሁለተኛ፣ "ኤሌክትሪክ ለምን? መስታወት ከድነን በፀሐይ እናትነውና መስታወቱ ላይ የሚጠራቀመውን ጠብታ እንሰብስበዋ" የምትል ሐሳብ አለች። ትሰራለች፣ ድሮም ሰርታለች፣ ቺሊ ውስጥ ላስ ሳሊናስ በ1872 እ.ኤ.አ. ለማዕድን ቦታው በቅሎዎች መጠጥ ብለው 4,700 ካሬ ሜትር ገደማ መስታወት ዘርግተው በቀን ወደ 22 ሺህ ሊትር ያወጡ ነበር። አካፍሉት፣ በካሬ ሜትር አምስት ሊትር አይሞላም። ዛሬም ያው ነው፣ ከ3 እስከ 5 ሊትር። ያንኑ ውሃ፣ ከባሕር እንኳን ቢሆን፣ በአር ኦ ለማውጣት 90 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይበቃል፣ እሱን ደግሞ 40 ፓኔል ይሰጣችኋል፣ ቦታው መቶ ካሬ ሜትር ቢሆን ነው። ለአንድ ቤት መስታወቱ ጥሩ ነው፣ ለቀበሌ ግን አይሆንም።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፣ እኔም ተቃጥዬ ነው የተማርኩት። ዳመና ሲያልፍ ፓምፑ ይዳከማል፣ የግፊት ጌጁ ላይ ቀስቷ ከ14 ባር ወደ 6 ስትወርድ ዓይኔ እያየ። ብዙ ሰው "ምን ችግር አለው፣ ውሃው ይቀንሳል እንጂ" ይላል። አይደለም፣ ውሃው ይቀንሳል ጨዉ ግን በሜምብሬኑ ውስጥ ማለፉን እንደቀጠለ ነው፣ ስለዚህ የሚወጣው ትንሽ ውሃ ከቅድሙ የበለጠ ጨዋማ ነው! ጨዉን የሚለካ ሜትርና መጥፎውን ውሃ ወደ ውጭ የሚያዞር ቫልቭ ካልተገጠመ ያ ውሃ ቀጥታ ከጥሩው ጋር ይቀላቀላል። ሌላው ማታ ማታ ነው። ማሽኑ ሲቆም ጨዋማው ውሃ እዚያው ከተኛ ሜምብሬኑ ላይ ይጋገራል፣ ስለዚህ ከመቆሙ በፊት በተጣራ ውሃ መታጠብ አለበት። አንድ ቦታ ለፋሲካ ቆልፈው ሄዱ፣ ሁለት ሳምንት በዚያ ሙቀት፣ ስንከፍተው የገማ እንቁላል ሽታ፣ ስድስቱም ሜምብሬን አለቀላቸው። በደንብ ቢያዙ አምስት ስድስት ዓመት ይሰሩ ነበር።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው የባትሪ ነገር ነው። ሌሊትም ይስራ ብለው የፕሮጀክቱን ግማሽ ብር ባትሪ ላይ ያፈሳሉ። ውሃ እኮ ይቀመጣል፣ ቀን አጣርታችሁ ሮቶ ላይ ስቀሉት ሌሊት ራሱ ይወርዳል። ባትሪ ያስፈልጋል፣ ግን ትንሽ፣ ዳመናውን ለማሳለፍና የማታዋን እጥበት ለመጨረስ ያህል።

የፓኔሉን ጽሑፍ ማመንም አለ። 550 ዋት የተባለው የፓኔሉ ሴል 25 ዲግሪ ሲሆን ነው፣ አፋር ቀትር ላይ ሴሉ 65 ሲገባ በየዲግሪው 0.35 ፐርሰንት ገደማ እየቀነሰ 14 ፐርሰንቱ ሄደ፣ ገና አቧራው አልተቆጠረም። አቧራውን ደግሞ እባካችሁ በጉድጓዱ ውሃ አትጠቡት፣ ሲደርቅ ነጭ ጨው መስታወቱ ላይ ይቀራል።

"የእገሌ አገር የባሕር ውሃ ማጣሪያ ፋብሪካ በንፋስ ነው የሚሰራው" የሚባለውንም በደንብ እንረዳው። የአውስትራሊያዋ ፐርዝ በ2006 እ.ኤ.አ. የከፈተችው ከኢሙ ዳውንስ የንፋስ ጣቢያ ጋር የተያያዘ ነው፣ ግን ማሽኑ ያለው የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ነው፣ ንፋሱ የሚያመነጨው ወደ መስመሩ ይገባል፣ ፋብሪካው ከዚያ ይወስዳል። ንፋስ ሲቆም አይቆምም። መስመር ያላችሁ እንደዚህ አድርጉ፣ የኛ ራስ ምታት መስመር የሌለበት ቦታ ስለምንሰራ ነው።

የመጨረሻው የሚጣለው ውሃ ነው። ሁሉም ከመቶው ሰማንያውን ላጣራ ይላል፣ ከዚያ የቀረው በጨው አምስት እጥፍ የከበደ ይሆንና የሚጣልበት ይጠፋል፣ ጉድጓዱ ጎን ይደፋል፣ ይሰርግና ተመልሶ ጉድጓዱ ይገባል። ውሃ በቂ ከሆነ እኔ ግማሹን ብቻ ነው የማጣራው። ባለ 2 ግራም ጉድጓድ ከሆነ ተራፊው 4 ግራም ይሆናል፣ ከብት ይጠጣዋል፣ ግመልማ ምን ችግር አለባት። ፍሎራይድ ያለበት ቦታ ግን እሱም አብሮ እጥፍ ይሆናል፣ ስለዚህ ገንዳ ከመስራታችሁ በፊት ተራፊውንም ላብራቶሪ ላኩት፣ የላሞቹም ጥርስ ይበልዛል።