ለቤት ጂም ውድ ኤሊፕቲካል ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ባሕር ዳር ውስጥ የወጣ ሰው የሚያየው ብዙ ነው። በዘንባባዎቹ ሥር ነጠላ ለብሰው በእግር የሚሄዱ እናቶች አሉ። ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ሽቅብ የሚሮጡ ወጣቶች አሉ። ጣና ዳር ቆመው ሰውነታቸውን የሚያፍታቱ ጎልማሶችም አሉ። ክረምት ሲገባ ግን ጎዳናው ይሳሳል። ጉልበት ማመም ሲጀምር ደግሞ ሩጫው ራሱ ይቀራል። ያኔ ነው ብዙ ሰው «አንድ ማሽን ቤቴ ባስገባስ?» የሚለው።

ለታመመ ጉልበት ከትሬድሚል (ከመሮጫ ማሽን) ይልቅ ኤሊፕቲካል፣ ማለትም ቆመው ፔዳሉን እየረገጡ እጀታዎቹን የሚገፉበትና የሚስቡበት ማሽን፣ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። እግር ከፔዳሉ ስለማይነሳ እንደ ሩጫ መሬት የመምታት ጫና የለውም። እጅና እግርም አብረው ይሠራሉ። ችግሩ ያለው ሲገዛ ነው። መቶ ሺዎች ብር ወጥቶባቸው በስድስት ወራቸው የልብስ ማስጫ የሆኑ ማሽኖች አይቻለሁ። ባለቤቶቹ ሰነፎች አልነበሩም። ማሽኑ ለሰውነታቸው፣ ለቤታቸው ወይም ለሰፈራቸው መብራት የሚሆን አልነበረም። ሻጭ ስለ ማሽኑ ይነግርዎታል። ስለ እርስዎ ቤት ግን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።

በፎቶ አይቶ መግዛት

ይህን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። የመጀመሪያዬን የመረጥኩት በስልክ በተላከልኝ ፎቶ ነው። ቁመቴ 1.82 ሜትር ነው። የማሽኑ እርምጃ (ፔዳሉ ከፊት ጫፍ እስከ ኋላ ጫፍ የሚሄደው ርቀት) 16 ኢንች፣ ማለትም 41 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ መሆኑን ያወቅኩት ቤት ከገባ በኋላ ነበር። እግሬን ሳልዘረጋ ፔዳሉ ይመለሳል። ጠባብ ደረጃ ላይ ቶሎ ቶሎ እንደመውጣት ነው የሚሰማው። በሁለተኛው ሳምንት ጉልበቴ ከፊት በኩል ያመኝ ጀመር። ያን ማሽን በኪሳራ ሸጥኩት።

ስለዚህ ከስክሪኑም ከቀለሙም በፊት የእርምጃውን ርዝመት ይጠይቁ። ቁመትዎ 1.60 አካባቢ ከሆነ ከ16 እስከ 18 ኢንች ሊበቃዎት ይችላል። ከዚያ በላይ እስከ 1.80 ድረስ ከ18 እስከ 20 ኢንች ይፈልጉ። ከ1.80 በላይ ለሆነ ሰው ከ20 ኢንች አይውረድ። ባልየው ረጅም፣ ሚስትየዋ አጭር በሆኑበት ቤት እርምጃው የሚስተካከል ማሽን መግዛት ያዋጣል። ተጨማሪ ገንዘብ ይወጣ ከተባለ እዚህ ላይ ይውጣ።

ሌላው ሰው የማያየው ነገር በሁለቱ ፔዳሎች መካከል ያለው ክፍተት ነው። ስንራመድ እግሮቻችን ተቀራርበው ነው የሚያልፉት። ፔዳሎቹ ተራርቀው ከተሠሩ ግን እግር እንደተከፈተ ይቆያል። አምስት ደቂቃ ላይ አይታወቅም። ሃያ ደቂቃ ላይ ዳሌና ወገብ መናገር ይጀምራሉ። ጥሩ ማሽን ላይ ሲቆሙ ቀጥ ብለው እንደቆሙ ነው የሚሰማዎት፤ ጎንበስም ፈርከክም አይሉም።

«ባሕር ዳር ላይ የት ልሞክር?» የሚሉኝ አሉ። ጣና ዳር ያሉ ትልልቅ ሆቴሎች ጂም አላቸው። የቀን ሂሳብ ከፍለው ይግቡና ያለውን ኤሊፕቲካል ይሞክሩ። የሚገዙት ሞዴል ባይሆንም የትኛው እርምጃ እንደሚስማማዎት ያውቃሉ። ስፖርት ጫማዎን አድርገው፣ ቢያንስ 15 ደቂቃ። ከዚያ ሜትር ያውጡና ፔዳሉ ከፊት ጫፍ እስከ ኋላ ጫፍ ስንት እንደሚሄድ ይለኩ። አዲስ አበባ ወርደው ሱቅ ውስጥ ሲሞክሩም ሁለት ደቂቃ ረግጠው አይውረዱ። ሻጩ ቆሞ ቢጠብቅዎት አይፈሩ፤ ገንዘቡ የእርስዎ ነው።

የመብራቱን ነገር ችላ ማለት

ጎረቤቴ ጋሼ ከአሜሪካ ወንድማቸው አንድ የሚያምር ኤሊፕቲካል ላኩላቸው። በኮንቴይነር ተጭኖ፣ በጅቡቲ ዞሮ፣ ወራት ፈጅቶ ደረሰ። ስፒናው ሁለት ጠፍጣፋ ብረት ነው። አንድ ልጅ ከሱቅ ማስተላለፊያ ገዝቶ መጣና ሶኬት ላይ ሰካው። ስክሪኑ አንድ ጊዜ ብልጭ አለ። ከዚያ ከጀርባው ቀጭን ጭስ ወጣ፤ ክፍሉን የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ሞላው። ጋሼ ማሽኑ ላይ አንድ እርምጃ እንኳ አልረገጡም ነበር። ዝም ብለው ቆመው አዩት። ያን ፊታቸውን እስካሁን አልረሳሁትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። ያ ከሱቅ የሚገዛ ማስተላለፊያ የስፒናውን ቅርጽ ብቻ ነው የሚለውጠው። ቮልቱን አይነካውም። ስለዚህ ከመሰካት በፊት የኃይል ማቀበያው ሳጥን ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። «100-240» ካለ ችግር የለም፤ ስፒናውን ብቻ ማስማማት ነው። «120» ብቻ ካለ ግን 220ውን ወደ 110 ወይም 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ደግነቱ ኤሊፕቲካል እንደ ትሬድሚል ትልቅ ሞተር ስለሌለው ብዙ ኃይል አይፈልግም፤ ትራንስፎርመሩ ግዙፍ መሆን የለበትም።

ከዚህ የተሻለ መንገድም አለ። ሶኬት ጭራሽ የማይፈልጉ ማሽኖች አሉ። ሲረግጡ ውስጥ ያለው ጄኔሬተር ኃይል ያመነጫል፤ ስክሪኑም የፔዳሉን ክብደት መቆጣጠሪያውም በዚያ ይሠራል። ለጂምና ለሆቴል ከሚሠሩት ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ስክሪናቸው አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው፤ መርገጥ ሲያቆሙም ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል። ለባሕር ዳር ቤት ግን እኔ ቀድሜ የምመክረው ይህን ነው። መብራት ሄደ አልሄደ፣ እርስዎ ሥራዎን ይቀጥላሉ።

በሶኬት የሚሠራ ከገዙ ጥሩ ስቴብላይዘር አብረው ይግዙ። ማሽን የሚጎዳው መብራት ሲሄድ ሳይሆን በኃይል ሲመለስ ነው። በክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ ማጥፊያውን መጫን አይበቃም፤ ስፒናውን ይንቀሉ።

ወለሉን ለክቶ ጣሪያውን መርሳት

ሰው ሁሉ ወለሉን ይለካል። ውድ የሚባለው ኤሊፕቲካል ብዙ ጊዜ 2 ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ከ70 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ለመውጣትና ለመውረድ በዙሪያው ሌላ ግማሽ ሜትር ይተዉ። ይህን የሚረሳ የለም። የሚረሳው ማሽኑ ላይ የቆመ ሰው ከፍ የሚል መሆኑ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የቤቱን ረጅሙን ሰው ቁመት ይውሰዱ፣ ፔዳሉ ከወለል የሚነሳበትን ትልቁን ከፍታ ይደምሩ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ይጨምሩ። 1.78 ሜትር የሆነ ሰው 40 ሴንቲ ሜትር በሚነሳ ፔዳል ላይ 2.33 ሜትር ይፈልጋል። ሳሎን ውስጥ ይህ ችግር አይሆንም። ብዙ ሰው ጂም የሚያደርገው ግን ጓሮ ያለውን ሰርቪስ ቤት ነው፤ ኮርኒሱ ደግሞ ዝቅ ያለ ነው። ከኮርኒሱ የተንጠለጠለ አምፖል ካለም አብረው ይለኩት።

ሰርቪስ ቤቱ ቆርቆሮ ለብሶ ኮርኒስ ከሌለው ደግሞ መጋቢትና ሚያዝያ ከሰዓት በኋላ እሳት ነው። ለሰውም ለማሽኑ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድም አይሆንም።

ሐይቅ ዳር ቤት ያላቸው ሰዎች ማሽኑን በረንዳ ላይ ማድረግ ይወዳሉ። እውነት ለመናገር ጣናን እያዩ መሥራት የሚያጓጓ ነገር ነው። ግን አያድርጉት። በክረምት ዝናቡ በነፋስ እየተገፋ ይገባል፣ በበጋ አቧራው ይመጣል፣ ማታ መብራት ሲበራ የሐይቁ ትንኝ ግድግዳውን ይሞላዋል። እርጥበቱ መጀመሪያ የሚበላው ቡሎኖቹንና መገጣጠሚያዎቹን ነው። በረንዳ ላይ አንድ ክረምት ያደረ ማሽን ከፍቼ አይቻለሁ፤ ከውጭ ሲታይ አዲስ ነው፣ ሽፋኑ ሲነሳ ግን ዳዶዎቹ ቀይ ዝገት ለብሰዋል። ማሽኑን ወደ ውስጥ ያስገቡና ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዙሩት። ጣና ከመስኮትም ይታያል።

በቁጥርና በስክሪን መታለል

«ቮላኖው (ማሽኑ ውስጥ የሚሽከረከረው ከባድ ጎማ) ስንት ኪሎ ነው?» የሚለው ጥያቄ ፋሽን ሆኗል። ከባድ ቮላኖ እንቅስቃሴውን ያለሰልሳል፤ እውነት ነው። ግን ቀለል ያለ ቮላኖም በፍጥነት እንዲሽከረከር ከተደረገ ያንኑ ልስላሴ ይሰጣል። ቁጥሩን ትተው በጣም በዝግታ ይርገጡ። ፔዳሉ ላይኛው ነጥብ ላይ ሲደርስ የሚያዝ ወይም የሚንገጫገጭ ከሆነ ኪሎው ምንም ቢሆን ጥሩ አይደለም።

ከዚህ የበለጠ የሚነግርዎት ማሽኑ ላይ የተለጠፈው ምልክት ነው። ዓለም አቀፉን ደረጃ የሚከተሉ ማሽኖች ላይ የእንግሊዝኛው «ኤች» ፊደል ለቤት፣ «ኤስ» ደግሞ ለጂምና ለመሰል ቦታ የተሠራ ማለት ነው። ከጎኑ የሚጻፈው «ኤ»፣ «ቢ» ወይም «ሲ» የልኬቱን ትክክለኛነት ያሳያል፤ «ኤ» ከፍተኛው ነው። የሚሸከመውን የሰው ክብደትም ያንብቡ። እርስዎ 100 ኪሎ ከሆኑ 120 የሚል ማሽን አይግዙ፤ 150ና ከዚያ በላይ የሚለውን ይፈልጉ።

ስለ ትልልቅ ስክሪኖች አንድ ነገር ብቻ ልበል። አንዳንዶቹ ያለ ወርሃዊ ክፍያ ግማሽ ሥራቸውን አይሠሩም። ክፍያው በውጭ ምንዛሬ ካርድ ነው፤ ቪዲዮው ደግሞ የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ከመግዛትዎ በፊት «ምንም ሳልከፍል፣ ያለ ዋይፋይ ምን ምን ይሠራል?» ብለው ይጠይቁና በዓይንዎ ፊት ያስነሱት። ስክሪኑ የሚያሳየውን ካሎሪም እንደ ግምት ብቻ ይያዙት።

ዋስትናውን ወረቀቱ ላይ አለማንበብ

«የአሥር ዓመት ጋራንቲ አለው» ሲባሉ ይጠይቁ። የምኑ ጋራንቲ? ብዙ ጊዜ ረጅሙ ዓመት የብረት አካሉ ነው፤ እሱ ደግሞ ቶሎ የሚሰበር ነገር አይደለም። የቦርዱና የስክሪኑ አጭር ነው። ዋስትናው ማሽኑ በተሸጠበት አገር ብቻ የሚሠራ ሊሆንም ይችላል፤ ዘመድ የላከልዎ ከሆነ ይህ እርስዎን ይመለከታል። ለቤት የተሠራውን ፔንሲዮን ውስጥ ለእንግዳ ካቆሙት ደግሞ ዋስትናው ሊፈርስ ይችላል።

ከዋስትና ይልቅ እኔ የማየው መለዋወጫውን ነው። ኩሽኔታው መደበኛ ቁጥር ያለው ከሆነ፣ ለምሳሌ 6203 የሚባለው ዓይነት፣ የሞተርና የባጃጅ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሱቅ ሄደው በቁጥሩ ይጠይቃሉ። ቺንጊያም በልኩ ሊገኝ ይችላል። ቦርድ ግን በልኩ አይገኝም፤ የዚያው ሞዴል መሆን አለበት። ሻጩ ቦርድ መጋዘን ውስጥ እንዳለው ይጠይቁት።

ማውረዱንና መገጣጠሙን ለዕድል መተው

ማሽኑ ከ100 ኪሎ በላይ ነው፤ የጂሙ ዓይነት 200 ይደርሳል። ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ተንገጫግጮ ነው የሚመጣው። ካርቶኑን ሳይከፍቱ «ደርሶኛል» ብለው አይፈርሙ። ጫኝና አውራጆቹ ቆመው ሳሉ ይክፈቱት፣ ፎቶ ያንሱ። የበሩንና የደረጃውን መታጠፊያ ስፋት ቀድመው ይለኩ። ፎቅ ላይ ከሆነ ተበታትኖ ይውጣና እዚያው ይገጠም። ሴራሚኩ እንዳይሰነጠቅ ከሥሩ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ያንጥፉ።

ሲገጣጠም ቡሎኖቹን በአንዴ አያጥብቁ። ሁሉንም በእጅ ያስገቡ፣ ማሽኑ በአራቱም እግሩ መቀመጡን ይዩ፣ ከዚያ በየተራ በቁልፍ ያጥብቁ። ሁለት ሳምንት ከሠሩበት በኋላ ያንኑ ቁልፍ ይዘው እንደገና ይዙሩት። ያኔ የላሉ ቡሎኖች ያገኛሉ፤ በተለይ የእጅ መያዣዎቹ ሥር። «ማሽኔ መንቋቋት ጀመረ» ብለው ከሚደውሉልኝ ሰዎች ብዙዎቹ ያልጠበቀች አንዲት ቡሎን ናት የነበረችባቸው።